ከዝሆኑ መስኮት ማዶ

«ትንፍሽ አልልም አልኩሽ እኮ! ለእማዬ አልነግራትም» የሚለው የልጇ ድምፅ ከመታጠቢያ ቤት የተሰማው ውኃው ድንገት በመቋረጡ ነው። ልጅቷ ምስጢር ያላት ቀን ቧንቧውን ለቃ፣ ጥርሷን የምትቦርሽ መስላ፣ ስልኳን ጆሮዋ ሥር ወሽቃ ማውራት ልማዷ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ውኃው ሳያማክራት ቀጥ አለና ድምፅዋ ብቻውን ኮሪደሩን ይዞ መጣ። «ዛሬ ጡረታ መውጣቷን ሰው ሁሉ ሰምቶ እማዬ ብቻ… እሺ፣ እሺ፣ አክስቴ ካለች አለች ነው። ነገ ጠዋት ጠቅልላ የምትሄድበት አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ሚጡ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ጡረታ የምትወጣዋ አክስት ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልጋትም። በዓለም ላይ ያለቻት እህት አንዲት ናት፤ ከእሷም ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል።

አርባ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ ይዛ «ሚጡ» መባሏ የሰማውን ሁሉ ያስቃል። ስሙን ያወጣችላት ያቺው ታላቅ እህቷ ናት። ዛሬ ሠፈሩም መሥሪያ ቤቱም ሚጡ ይላታል፤ ያወጣችው ብቻ አትጠራትም። ልጅቷ አፏ ላይ የጥርስ ሳሙና አረፋ እንደያዘች ብቅ አለችና ከእናቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «ውኃ ጠፋ» አለች ልጅ። «ጠፋ» አለች እናት። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዳቦ በማርማላታ በሉ። ስለ ውኃው ሌላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተባባሉ፤ ስለ አከራይዋ አንድ ተጨመረ። የዚህ ቤት ሰዎች ከባድ ነገር ሲመጣ ስለ ቧንቧ ማውራት ይቀናቸዋል። ሚጡ ግን ዳቦዋን ግማሽ ላይ አስቀመጠችው። «ደግሞ?» ትላለች በሆዷ። «ደግሞ ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ?» ካፖርቷን ለብሳ ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ንዴቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አለቀባትና በቦታው ሌላ ነገር መጣ። ነገ ጠዋት እህቷ ከዚህ ከተማ ልትሄድ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ትንሽ ቆመች።

ሁለቱ ሙዚየሞች አንድ አደባባይ ይዘው ፊት ለፊት ተፋጥጠው ተሠርተዋል። በዚህ በኩል የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በዚያ በኩል የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ መካከላቸው ደግሞ ውኃ ከማይወጣባት ፏፏቴ ጋር ርግቦች። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት በመሆኑ የጥበቃዎቹ የደንብ ልብስ አንድ ነው፦ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ግራጫ ሸሚዝ፣ ደረት ላይ ቁጥር። ታላቋ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በሥዕሉ ቤት ተቀጠረች፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ታናሿን በተፈጥሮ ታሪኩ ቤት አስቀጠረቻት። ሁለቱም ቤት ሦስት ሰዓት ይከፍታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፣ ሰኞ ሰኞ አይሠራም። ስለዚህ አንዷ የሌላዋን ሥራ ቦታ በእግሯ ረግጣው አታውቅም። በዓመት ዕረፍቷ ሙዚየም የምትሄድ ጥበቃ ደግሞ አልተፈጠረችም፤ ዳቦ ጋጋሪም በዕረፍቱ ዳቦ ቤት ወረፋ አይዝም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፏፏቴዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን አብረው በሉ፤ የምሳ ዕቃዎቻቸውን ከፍተው የየቤታቸውን ወሬ ተለዋወጡ። ሚጡ በጭድ ተሞልቶ ስለተሰፋው፣ እሷ ስለምትጠብቀው ዝሆን፣ ስለ ዓሣ ነባሪው አጥንት፣ በጠርሙስ ስለተቀመጠው ባለ ሁለት ራስ እባብ ትናገራለች። ታላቋ ስለ ንጉሡ ኪንታሮት፣ ስለ ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች፣ ሠዓሊው እጁን መሳል አቅቶት ከሻሽ ሥር ስለ ደበቀባት ልዕልት ትነግራታለች። ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚባለው ለሚጡ አልሠራም። ሳታየው ናፍቋት የኖረ አገር ቢኖር ያ ሕንፃ ነው።

ከዚያ እናታቸው ታመመች። ሆስፒታል ገባች፤ ተራ እየገቡ አስታመሟት። ጥበቃዎች ሥራ ላይ ስልካቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ስለሚገቡ ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የሰፈረው የሥዕሉ ሙዚየም ቢሮ ቁጥር ነበር። አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ታላቋ መርዶዋን በቆመችበት ሰማች፤ አለቃዋም እንድትሄድ ፈቀደላት። አደባባዩን አቋርጣ መጣች፤ እስከ ዝሆኑ አዳራሽ የመስታወት በር ድረስ ደረጃውን ወጣች። ከዚያ ተመለሰች። ተመልሳ ሥራዋ ላይ ቆመች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ዘንድ፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ሲሳፈር ነው ለሚጡ የነገረቻት። በሩ ድረስ መጥታ መመለሷን ሚጡ የሰማችው ከሐዘኑ በኋላ ከራሷ ሙዚየም ትኬት ቆራጭ አፍ ነው። እሱ ደግሞ ነገር ሲያመልጠው ግማሹን መመለስ የማያውቅ ሰው ነው። እህቷ የእናታቸውን ሞት ስምንት ሰዓት ሙሉ ይዛባት ውላለች ማለት ነው። እነዚያን ስምንት ሰዓቶች ሚጡ ምን ስትሠራባቸው እንደዋለች ታስታውሳለች። ዝሆኑ ፊት የተማሪዎች ቡድን ነበረ። ሕፃናት ሁልጊዜ እንደሚጠይቁት «ሞቷል እንዴ?» ብለው ጠየቋት፤ እሷም ሁልጊዜ የምትለውን አለች፦ «ሞቷል፤ ግን እስካሁን አልነገሩትም።» ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። በዚያ ቀን ይህንን ቀልድ አራት ጊዜ ደግማዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ተናግራው አታውቅም፤ ትኬት ቆራጩን ከሰማች ወዲህ ደግሞ እህቷን ሰላም ብላት አታውቅም።

የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል እንዲሉ፣ ሚጡ የፏፏቴዋን ጠርዝ ትታ ምሳዋን ምድር ቤት ከነፍሳቱ ክፍል ጥበቃ ጋር መብላት ጀመረች። በበዓልም በሠርግም ሰላምታው በልጆች በኩል ተላለፈ። ግን ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር አላት። ዝሆኑ ከቆመበት አዳራሽ ባለው ትልቅ መስኮት በኩል የሥዕሉ ሙዚየም የሠራተኞች መግቢያ ይታያል። ሩብ ጉዳይ ለሦስት ላይ ሚጡ አቧራ መጥረጊያዋን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ትቆማለች። ታላቋ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ የግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች፣ አደባባዩን ታቋርጣለች። በሩ ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፍ ፍለጋ ትዳብሳለች። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት። «ዛሬም አላገኘችው» ትላለች ሚጡ ለራሷ፤ «ይህችን ቦርሳ ዘቅዝቆ የሚያራግፍላት ሰው ይጥፋ!» ከዚያ እህቷ ትገባለች፤ ሚጡም ሥራዋን ትጀምራለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እህቷ መግባቷን ሳታይ ሥራ ጀምራ አታውቅም። ናፍቆት መሆኑን ራሷም ታውቃለች፤ ግን ስም ከሰጠችው ማቋረጥ ሊኖርባት ነው።

የዚያን ዕለትም ቆመች። ታላቋ መጣች፤ ኮቷ ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቷት ነበር፤ ወይም እሷ ከስታለች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዳበሰች፣ ቀና አለች፣ እንደገና ዳበሰች። በዚያ ጠዋት ፍለጋው አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሚጡ መጥረጊያውን የዝሆኑ እግር ላይ አስደግፋ መስኮቱን በእጇ ጠረገች፤ የጠራ መስታወት ነበር። እህቷ ከገባች በኋላም ሚጡ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ነገ ሩብ ጉዳይ ለሦስት ላይ በዚያ በር ማንም አይመጣም። ከነገ ወዲያም አይመጣም። ነገሩ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት።

አራት ሰዓት ላይ ተማሪዎች መጡ፤ ሠላሳ ያህል ይሆናሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አዳራሹን የናፍታሊንና የእርጥብ ጃኬት ሽታ ሞላው። ዝሆኑ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሆዱ ላይ ስፌቱ የሚታይ፣ አንድ ጥርሱ ጂፕሰም የሆነ ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ከበቡትና ያው ጥያቄ መጣ። «እትዬ፣ ሞቷል እንዴ?» አለች አንዷ። «አዎ፣ የኔ ልጅ፤ ሞቷል» አለች ሚጡ። «መቼ?» «ድሮ።» «ማን ነገረሽ?» ሚጡ መጥረጊያውን ከዝሆኑ እግር አነሳች። ልጅቷ ወደ ቀጭኔው ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሚጡ የፈረቃ ኃላፊውን ፈልጋ አገኘችው። ይህ ሰው በዕድሜ ልጇን የሚያህል፣ ከሬዲዮ መነጋገሪያው ጋር ፍቅር የያዘው ሰው ነው፤ አጠገቡ የቆመውን ሰው እንኳ በሬዲዮ መጥራት ይወዳል። በዘጠኝ ሰዓት ልቀቀኝ አለችው። ምክንያት ጠየቃት። «የቤተሰብ ጉዳይ» አለች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህንን ቃል ስትጠቀም ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። «ተተኪ ካመጡ ችግር የለብኝም፣ እትዬ» አላት። ተተኪው የነፍሳቱ ክፍል ጥበቃ ሆነ። ስሙ ቢራቢሮ ነው፤ መቶ አሥር ኪሎ ይመዝናል። «የት ልትሄጂ ነው?» አላት ቢራቢሮ። «ማዶ» አለችው። ቢራቢሮ ሰባት ዓመት ምሳ አብሯት በልቷል፤ ነገሩን ያውቃል። ኮቱን ቆልፎ ዝሆኑ ዘንድ መጣ። «እሁዴን ግን ትይዢልኛለሽ» ሲላት ደረጃውን ግማሽ ወርዳ ነበር።

አደባባዩን ለማቋረጥ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሚጡ ግን ፏፏቴዋ ዘንድ ሁለቴ ልትመለስ ቃጣት። ምን ልበላት? ሰባት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። በአውቶቡስ ላይ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ስታሳምረው የኖረችው፣ «አንቺ ማን ነሽና!» ብሎ የሚጀምር። አሁን ከመጀመሪያው ቃል በቀር የሚታወሳት የለም። እግሯ በልማድ ወደ ሠራተኞቹ መግቢያ ወሰዳት። ለጥበቃ ሌላ በር በር አይመስላትም። መዝጊያው የብረት ነው፤ እጀታ የለውም፤ የቁልፍ ቀዳዳም የለውም። ደወሉን ተጫነችው፤ ከውስጥ አንድ ሽማግሌ በር ጠባቂ ከፈተላት። «ጎብኚ ከሆንሽ በፊት ለፊት ነው፣ ልጄ» አላት። «ቁልፉ የት ነው?» አለች ሚጡ። «የምን ቁልፍ?» «የዚህ በር።» ሽማግሌው ሳቀ። «ይሄ በር ቁልፍ ኖሮትም አያውቅ። ሃያ ዓመቴ፤ ደወል ነው፣ እኔ ነኝ የምከፍተው።» በሩ ተዘጋ፤ ሚጡ ብረቱ ፊት ቆማ ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ እህቷ በየጠዋቱ እዚህ ቆማ ስትዳብስ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አሁን ገባት። ቀና ብላ ወደ ማዶ ስታይ የዝሆኑ መስኮት እንደ ጉድ ጎልቶ ይታያል፤ ቢራቢሮ እንኳ በውስጡ እያዛጋ ይታያል።

ትኬት መሸጫው ላይ መታወቂያዋን አሳየች። ሻጯ አገላብጣ አየችውና ቅናሽ ያለው ለመምህራንና ለጡረተኞች ነው አለቻት። «እኔ እኮ የዚያኛው ቤት ጥበቃ ነኝ።» «ለጥበቃ የሚል የለውም።» ሚጡ ሙሉውን ከፈለች፤ የሁለት ቀን ምሳ ይወጣው ነበር። ካርታ ሰጧት፤ እህቷ የምትጠብቀው ክፍል ዘጠኝ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ነው። ወለሉ እንጨት በመሆኑ ለእያንዳንዱ እርምጃ ይመልሳል። ችግሩ ግን ሥዕል ማየት አለመቻሏ ነው። ዓይኗ የሰው እጅ እንጂ ግድግዳ አይቶ አያውቅም። ክፍል ሦስት ውስጥ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ በእስክሪብቶው ጫፍ የንጉሡን ፊት ለሚስቱ ሲያሳይ «እስክሪብቶዎን ያርቁ!» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ፤ የክፍሉ ጥበቃ፣ አንዲት ወጣት፣ ሥራዋን የቀማቻትን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሚጡ አፍራ ቀና ስትል ንጉሡን አየችው። ኪንታሮቱ አለ፤ በቀኝ ጉንጩ ላይ፣ እህቷ እንዳለችው። ከዚያ በኋላ የምታየው ሁሉ የምታውቀው ሆነ። ልብስ አጣቢዎቹ አምስት ናቸው፤ አንዷ እውነትም ተቆጥታለች። የልዕልቲቱ ሻሽ ሥር እጅ አለ ብሎ የሚያምን የለም። አሥራ ሁለት ዓመት በምሳ ሰዓት ጆሮዋ የሰማውን ዓይኗ እያረጋገጠ ሄደ። ደስታም ነበር፣ ቁጭትም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየችውም። አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር፣ እግሯን አፈጠነች።

ታላቋ ክፍል ዘጠኝ በር አጠገብ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ጸጉሯ ከሩቅ ከሚታየው በላይ ሸብቷል። እግሯ ስላበጠ ጫማዋን በጎን በኩል በምላጭ ቀዳዋለች። አጠገቧ ተቆጣጣሪው ሰሌዳ ይዞ አንድ ነገር ይጽፋል። ሚጡን ስታይ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙልኝ፣ እመቤት» አለች።

«ይቅርታ፤ አላወቅሁም» አለች ሚጡ፤ ቦርሳዋን ወደ ፊት አደረገች።

«ምንም አይደል።»

«እርስዎ… ብዙ ጊዜ እዚህ ነዎት?»

«ዛሬ መጨረሻዬ ነው» አለች ታላቋ ግድግዳውን እያየች። ተቆጣጣሪው ሰሌዳውን ዘግቶ ወደ ክፍል አሥር አለፈ። የጫማው ድምፅ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ።

«ማን ነገረሽ?»

«ውኃ ነው የነገረኝ። ቧንቧው ተቋረጠና ሰማሁ።» ታላቋ ነገሩ አልገባትም፤ አልጠየቀችምም። «ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ፣ እታለም?» አለች ሚጡ።

«የቱን?»

«ሁለቱንም።»

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገቡ። ሥዕሎቹን በሙሉ በስልካቸው አነሱ፤ አንዱንም ሳያዩ ወጡ። ታላቋ በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «የዛሬውን…» አለች፤ «ነግሬሽ ብትቀሪስ? ሳልነግርሽ ብትቀሪ ‹አልሰማችም› እያልኩ እኖራለሁ። ነግሬሽ ብትቀሪ ግን ምን ብዬ ነው የምኖረው?»

«የያኔውንስ?»

ታላቋ እግሯን ቀየረች፤ ክብደቷን ከግራው ወደ ቀኙ አዛወረች። «መጥቼ ነበር። በመስታወቱ አየሁሽ። ልጆቹን ሰብስበሽ ያቺን የዝሆኑን ነገር ስትነግሪያቸው፣ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። እጄ በሩ ላይ ነበር፣ ሚጡ። እኔ እናት ካጣሁ ሩብ ሰዓት አልሞላኝም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እስከ ማታ እናት ይኑራት ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልነበረውም።»

ከሰባት ዓመት በኋላ ሚጡ ስሟን ከእህቷ አፍ ሰማች። «ያንን ሳቅ እኮ ነው ያልቻልኩት» አለች፤ «እናቴ ሞታ መሳቄን።»

«ታዲያ አታውቂ። ሳቅሽ ምን በደለ?»

ያኔ ሚጡ አንድ ነገር ታሰባትና አፈረች። ሰባት ዓመት ስትቆጥራቸው የኖረቻቸው ስምንት ሰዓቶች የራሷ ብቻ ነበሩ። «አንቺስ? ስምንት ሰዓት ሙሉ የት ነበርሽ?» አለቻት።

«እዚሁ ነዋ። የት እሄዳለሁ? ሽንት ቤት በየት ነው ሲሉኝ በግራ በኩል እያልኩ።»

ታላቋ ይህንን ስትናገር ፈገግ ለማለት ሞክራ ነበር። ሚጡ ግን ቻል አላደረገችውም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በዚህ ክፍል፣ በዚህ እንጨት ወለል ላይ፣ እናቷ የሞተችባት ሴት ማልቀስ ሳትችል፣ መቀመጥ ሳትችል፣ ቦርሳ ወደ ፊት ያዙ እያለች ውላለች። የሚያቅፋት ያስፈለገው ለእሷ ነበር፤ የሚያቅፋት ሰው ግን በመንገዱ ማዶ እየሳቀ ነበር። ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ታላቋ ወደ ጣሪያው በዓይኗ አመለከተች፤ ካሜራው ቁልቁል ያያል። እጇን ሰበሰበች። «ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለች። «በአሥራ ሁለት። ልጄ ጋ ነው የምሄደው፤ ‹ምድር ቤት ክፍል አለኝ፣ ደረጃ የለውም› አለ። ጉልበቴን ታውቂያለሽ።» «አውቃለሁ» አለች ሚጡ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስለዚያ ጉልበት ሰባት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ከመስኮት የታየውን ያህል ብቻ ነው።

መካከል ላይ ለጎብኚ የተቀመጠ የቆዳ አግዳሚ ወንበር አለ። ሚጡ እሱን አየች፤ ከዚያ የእህቷን የተቀደደ ጫማ አየች። «ተቀምጠሽበት ታውቂያለሽ?» አለቻት። ታላቋ ነውር እንደ ሰማች ሆነች። ለጥበቃ ክልክል ነው፤ ደንቡ ላይ አራተኛው ነው። «እኔ ልቁምልሽ» አለች ሚጡ። «አብደሻል?» «ኮቱ አንድ ነው። ካሜራው ቁጥር አያነብም። በይ፣ ሂጂ ተቀመጪ።» በደንብ ልብሷ ላይ የደረበችውን ካፖርት አውልቃ ሰጠቻት፤ ታላቋም የደንብ ልብሷ ላይ ደርባ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ዳሌዋን አሳረፈች። ቀስ እያለች ወደ መካከል ገባች። ሚጡ በሩ አጠገብ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ ሥራዋ ነው፣ ማንም ሊያስተምራት አይችልም። እህቷ ፊት የተሰቀለው ሥዕል ትንሽ ነው፤ አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ሴት አንድ ጫማዋን አድርጋለች፣ ሌላው ወለሉ ላይ ወድቋል። «ሃያ ስድስት ዓመት ሁለተኛውን እስክታደርገው ጠበቅኋት» አለች ታላቋ ሳትዞር። ቀጥላ ደግሞ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ቁጭ ሲሉ ለካ ፊቷ ሌላ ነው» አለች። አንድ ወጣት ገባና ሚጡን ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቃት፤ «በግራ በኩል» አለችው። የእህቷ ትከሻ ከኋላ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ሳቁ ሲያበቃም ትከሻው ትንሽ ቆይቶ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳቅ አልነበረም፣ ሚጡም አላቋረጠቻትም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወሉ ጮኸ። ሰዎች ካርታቸውን እያጠፉ ወደ ደረጃው መውረድ ጀመሩ። ሚጡ የክፍሏን ጎብኚዎች አንድ በአንድ በለሰለሰ እጅ ወደ በሩ አመላከተቻቸው። በእሷም ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው፤ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ጥበቃው ክፍሉን ዞሮ አይቶ ባዶ መሆኑን ይጮኻል፣ ተቆጣጣሪው ሰሌዳው ላይ ምልክት ያደርጋል፣ መብራቱ ይጠፋል። ከኮሪደሩ ጫፍ የተቆጣጣሪው ድምፅ መቅረብ ጀመረ። «ስድስት?» «ባዶ!» «ሰባት?» «ባዶ!» መብራቶቹ በየተራ ሲጠፉ በወለሉ ላይ ይታያል። ታላቋ አልተነሳችም። የሰማች አትመስልም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያለች። ሚጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ያለችውን «ሰዓት ደርሷል፣ ይውጡ» ለማለት አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደች። ሌላ ሰው ይበላት እንጂ እኔስ አልላትም አለች በልቧ። ወደ በሩ ተመልሳ ቆመች።

«ስምንት?»

«ባዶ!»

«ዘጠኝ?»

ሚጡ እህቷን ከኋላ አየቻት።

«ዘጠኝ! ባዶ ነው?»

«ገና ነው» አለች ሚጡ። «ሰው አለ።»